ኑግ ዘይት የጠጣው ፋን

የካቲት 11 ቀን 2001፣ ረቡዕ

የኔታ ኪዳነ ማርያም ዛሬ የሚነግሩኝን መወድስ ቅኔ ከመካከል አቋርጠው «ውበቱ፣ ይህ ሣጥንህ ምን ሆኖ ነው የሚያጓራ? የራሴን ድምፅ አሳጣኝ እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሲፒዩው ፋን ከገና ወዲህ ለይቶለታል። ጠዋት ሲነሣ ይንደቀደቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። እኔ ለምጄዋለሁ። እሳቸው ግን ዐይናቸው ከጠፋ ጀምሮ የሚኖሩት በጆሯቸው ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። መምህራቸው የነበሩት መምህር ወልደ ሩፋኤል አንድም ቅኔ በጽሑፍ ሳያስቀምጡ ነው ያረፉት። ያለው የኔታ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። የኔታ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ሊመንኑ ቆርጠዋል። «የሰው አደራ ተሸክሜ ገዳም አልገባም» ብለው ጠዋት ጠዋት እኔ ጽሕፈት ቤት እየመጡ ይነግሩኛል፣ እኔ እተይባለሁ። በቴፕ ይቀዳ ተብሎ ነበር፤ «ሳሌም አብሮ ሊቀዳ?» ብለው እምቢ አሉ።

እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው ምክትላቸው ነው፣ ገዳሙ የሚባል። አድርሷቸው ተማሪ ሊያስቆጥር ይመለሳል፣ ረፋዱ ላይ መጥቶ ይወስዳቸዋል። እኔና ገዳሙ ልጅ ሳለን በአንድ ጎጆ ነው ቅኔ የቆጠርነው። እሱ ዘለቀ፣ እኔ ጥዬ አዲስ አበባ ገባሁ። ዛሬ ሊወስዳቸው ሲመጣ ጩኸቱን ሰምቶ «ባለሙያ አይጠራለትም?» አለ።

«ባለሙያውማ እኔ አይደለሁ?» አልኩት።

በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «የኮምፒውተር ጽሕፈትና ጥገና» ይላል። «ጥገና» የሚለውን ያስጨመርኩት ሰሌዳው ላይ ባዶ ቦታ ስለተረፈ ነው። የተማርኩት ታይፕ ብቻ ነው። እናቴ ለጎረቤት «ኢንጂነር ነው» እያለች ታወራለች፤ እየሰማሁ ዝም እላለሁ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ጥገና የሚያውቅ ልጅ ታች ሰፈር አለ። እሱ ዘንድ ሲፒዩ ተሸክሜ ብሄድ እስከ ማታ ማርቆስ ከተማ በሙሉ ይሰማል። ስለዚህ በሩን ዘግቼ ራሴ ከፈትኩት።

ውስጡ ያለው አቧራ ለአንድ መደብ ምርጊት ይበቃል። በብስክሌት መንፊያ ነፋሁት፣ አስነጠሰኝ። ከላይ ፋኑ አለ፣ ከፋኑ ሥር ክንፍ ክንፍ ያለው ብረት አለ፣ ከብረቱ ሥር ፕሮሰሰር የሚባለው አለ ይባላል፣ እኔ አላየሁትም። ብረቱን ግራና ቀኝ ሁለት ነጭ መቆለፊያዎች ይዘውታል። አንዱን ጫን ባደርገው ሲጢጥ አለና ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው መጮህ ሲጀምር እናቴ የኑግ ዘይት ጠብ ታደርግበትና ዝም ይል ነበር። አሁን ደግሞ ለጾሙ የተጨመቀ ኑግ ዘይት ቤት ገብቷል። በሲኒ ቀዳሁ። ፋኑ መሃል ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ላጥኩና ጠብ አደረግኩ። ያነሰው መሰለኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ ለክፉ አይሰጥም ብዬ የቀረውን ጨመርኩበት።

ለኮስኩት። ዝም። መብራት የጠፋ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁት፤ ይሠራል። ብቻዬን ሳቅሁ።

የካቲት 16፣ ሰኞ

የጾሙ መጀመሪያ። የኔታ ገብተው ተቀመጡና ጆሯቸውን ወደ ጠረጴዛው አዘነበሉ።

«ምነዋ፣ ዝም አለሳ?»

«ጠገንኩት፣ የኔታ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«ሰርቪስ አድርጌው» አልኩ። ሰርቪስ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ደስ ብሏቸው ነው መሰል ዛሬ ሳያቋርጡ ነገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ ተማሪዎቻቸው መሃል፣ «ውበቱ አሳረፈኝ፣ እጁ ይባረክ» ብለዋል አሉ። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ እንባ ባቀረረ ዐይን ነው የነገረችኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን አለበት።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

«ዘይቱ ምነው ጎደለሳ?» አለች እናቴ። ደፋሁት አልኳት። «በጾም መግቢያ ዘይት መድፋት ደግ አይደለም» አለች።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያደረግኩትን ለማንም አልናገርም፣ ለዚህ ደብተር ካልሆነ።

ገዳሙ ቀደም ብሎ መጥቶ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የኔታ ወደ እሱ ዞረው «አየህ፣ አንተ ሣጥን አላምንም ስትል ይኸው ከአንተም ዝምተኛ ሆነ። ከጎጃም ልጆች መሃል እንዲህ ያለ ሰው መውጣቱ ደስ አይልም?» አሉት። ገዳሙ «ደስ ይላል» አለ፣ ሳቅ ሳይል። የኔታ ወደሚነግሩኝ ቅኔ፣ ወደ ዕጣነ ሞገሩ፣ ተመለሱ። ሁለት ቤት፣ ሁለት መስመር እንኳ ሳይሄዱ ስክሪኑ ጠቆረ።

መብራት ጠፋ ልል አፌን ከፈትኩ። ጎረቤት ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሬዲዮው ያወራል። መብራት አለ። የሞተው የኔ ሲፒዩ ነው።

እጄ አልቆመም። እንዲያ ተመስግኜ ሳልጨርስ፣ ገዳሙ ፊት፣ «ተበላሸ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። አሁን ተመልሶ ይበራል፣ ያመለጠኝን እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ባዶውን መታሁ። አልበራም። «የመጨረሻዋን ቤት አንብብልኝ» አሉ። ጆሮዬ ላይ ነበረችና ደገምኩላቸው። «መልካም» አሉ።

ከሄዱ በኋላ ለኮስኩት። ገና ፊደል ሳያሳይ ጠፋ። የተየብኩት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ፍላሽ ላይ አልገለበጥኩም። ነገ እነግራቸዋለሁ።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

በችኮላ። ከፈትኩት። ዘይቱ አቧራ ጠጥቶ ሙጫ ሆኗል። ፋኑ በጣት አይዞርም። በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ ትንሽ ዞረ፣ ቆመ። ብረቱ እጅ ያቃጥላል። ፋኑ ካልዞረ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ይህ ዛሬ ነው የገባኝ። ዳግመኛ ብለኩሰው ይቃጠላል፣ ቅኔውም አብሮ ይቃጠላል ብዬ ከሶኬት ነቀልኩት።

የኔታ መጡ። ተየብኩላቸው።

የካቲት 27፣ ዓርብ

አብዱልቃኒ ሱቅ ሄድኩ። ሬዲዮና ሰዓት ነው የሚሸጠው፤ ወንድሙ መርካቶ ስላለ የሌለውን ዕቃ ያስመጣል። የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ፣ ከነብረቱ ከነፋኑ፣ አልኩት።

«ለራስህ ነው?»

«ለደንበኛ ነው።»

«ምን አግኝቶት?»

«ሲጮህበት ጊዜ ኑግ ዘይት አጠጣው።»

አብዱልቃኒ እስኪያስለው ሳቀ። «ወላሂ፣ ሰው ጉድ ነው። በርበሬስ አላደረገበትም?» አብሬው ሳቅሁ። ያን ደንበኛ ስንሳደብ ቆየን። «ከአንተ ጋር መገናኘቱ በጀው» አለኝ በመጨረሻ።

የካቲት 30፣ ሰኞ

ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። በግራ እጄ ቁልፎቹን እየመታሁ በቀኝ እጄ ወረቀት ላይ መጻፍ። ሁለት ቤት እንደጻፍኩ የኔታ አቋረጡ።

«እጅህን አመመህ እንዴ፣ ልጄ?»

«ምነው የኔታ?»

«የቁልፍ አመታትህ አነከሰብኝ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና በሁለቱም እጄ ቀጠልኩ። ቴፕ ደብቄ ላስቀምጥ ብዬም አሰብኩ፤ ቁልፉ ሲጫን ቀጭ ይላል፣ እሳቸው ደግሞ የዝንብ እግር ይሰማሉ። ስክሪኑ ከበር እንዳይታይ ጠረጴዛውን አዙሬዋለሁ። ገዳሙ ለምን አዞርከው ቢለኝ ፀሐዩ ዐይኔን ወጋኝ አልኩት።

ልናገር ብዬ ሳስብ አንድ ጥያቄ ይቀድመኛል። «ከመቼ ጀምሮ?» ይሉኛል። የመጀመሪያው ቀን ቢሆን መልሱ «አሁን» ነበር፣ ቀላል ነበር። አሁን መልሱ በየቀኑ ይረዝማል። ዕቃው ሲመጣ ጠግኜ፣ «አንዳንዱን ስቼዋለሁ፣ ይድገሙልኝ» እላቸዋለሁ። እንዲያ ይሻላል። በዚህ ሳምንት ይመጣል ብሎኛል አብዱልቃኒ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ሲነግሩኝ በቃሌ ይዤ ማታ በወረቀት ላወርደው ሞከርኩ። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ነው፣ ይያዛል። ሥላሴ የሚባለው ቅኔ ረዘም ስለሚል ግማሹ ይቀራል። መወድሱ ጭራሽ የለም። መነሻውን ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ የራሴ እጅ ሲመታ የነበረው ድምፅ ነው የሚመጣብኝ።

የቅኔ ቤቱን ጥዬ የወጣሁት ልብስ አጥቼ፣ ረኃቡና ልመና ስንወጣ የሚነክሰው ውሻ በዝቶብኝ ነው እያልኩ ነው ስናገር የኖርኩት። ውሻውም ረኃቡም ለሁላችንም ነበር። ገዳሙ አንድ ጊዜ የሰማውን ይይዛል። እኔ ግን ጧት የሰማሁት ለእራት አይደርስም ነበር። የኔታ ያንጊዜም አልተቆጡኝም። «ለሁሉም የተሰጠው አለው» ነው ያሉኝ።

ስለዚህ ይሆናል ኮምፒውተር የወደድኩት። እሱ ስለሚይዝልኝ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ዕቃው መጣ። አይገጥምም። ይህኛው አራት እግር አለው፣ የኔው ግን በመቆለፊያ የሚያዝ ነው። አብዱልቃኒ «ምን ዓይነት እንደሆነ ቀድመህ አትነግረኝም? ባለሙያው አንተ» አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጬ ሰጠሁት። ትክክለኛው በሌላ አውቶቡስ ይመጣል።

የኔታ ዛሬም መጡ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ገዳሙ ሊወስዳቸው መጥቶ በረንዳው ላይ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እኔ ውስጥ ነኝ፣ በሩ ገርበብ ብሏል።

«የኔታ፣ ሳያልቅ በፊት አንዳንዱን ለኔም ቢነግሩኝ። ሣጥን ነው፣ ምን ይታወቃል።»

«እኔ ያመንሁት ሣጥኑን መሰለህ?»

«እና?»

«ውበቱን ነው። ልጅ ሳለ ቅኔው እምቢ አለው፤ አፍሮ ሄደ። አሁን ተመልሶ አደራ ተቀበለ። ይህን እንዳትነሣው።»

ወጥቼ ልናገር እግሬ ተነሣ። እናቴ በዚያው ቅጽበት የኔታን ልትሳለም በረንዳው ላይ ወጣች። እሷ ፊት አልችልም አልኩ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ምን ያዘኝ?

መጋቢት 18፣ ዓርብ

አጭር ልጽፍ ነበር፣ አልሆነልኝም።

የኔታ ዛሬ ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ «የዛሬውን ለማንም ነግሬው አላውቅም» አሉ። መምህር ወልደ ሩፋኤል ልጅ ሳሉ፣ አጨዳ ሊጀመር ሲል፣ በረዶ የአባታቸውን ገብስ ድምጥማጡን አጠፋው። አባታቸው ሲነጋ ማሳው መሃል ቆመው ቆዩና በረዶውን በጋቢያቸው ቋጥረው ቤት ገቡ። ለሚስታቸው አስረከቡና «ይኸው፣ የዘንድሮ ገብስሽ» አሏት። ጋቢው ከመሬት ሳይነሣ በረዶው ቀልጦ አለቀ። መምህር ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ከስቅለት ጋር፣ ሥጋውን በበፍታ ከገነዙት ሰዎች ጋር አገናኝተው መወድስ አደረጉት። ለአንድ ሰው ብቻ፣ ሊሞቱ ሲሉ፣ ለየኔታ ነገሩ።

የኔታ እየነገሩኝ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሁለት እጄ ግን አላቋረጠም።

ሲጨርሱ «ገባ?» አሉኝ።

«ገባ፣ የኔታ።»

«እንግዲህ እኔ ለቀቅሁት። ገዳም ይዤው ብሄድ ኩራት ይሆንብኛል። እርግፍ አድርጌ እረሳዋለሁ፣ አንተ ዘንድ አለ።»

ከሄዱ በኋላ ወዲያው ወረቀት አወጣሁ። ታሪኩን ይኸው ጽፌዋለሁ። ቅኔውን አይደለም። ግዕዙ፣ ቃሉ ቦታ ቦታውን የያዘበት፣ ያ የለም። መነሻው ቤት ብቻ አለኝ፣ እሱም አንድ ቃል ይጎድለዋል።

ወራዳ ነኝ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ነበር የምጠቀምበት።

መጋቢት 25፣ ዓርብ

መጣ። ማቀዝቀዣው ይገጥማል። ነገ ከጠዋት በሩን ዘግቼ።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

መቆለፊያዎቹን አነሣሁ። ብረቱ ግን አልነቀል አለ። ከሥር የነበረው ቅባት ደርቆ ከፕሮሰሰሩ ጋር አጣብቆታል። ትንሽ ማሞቅ፣ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ነበረብኝ፤ ይህን በኋላ ከዕቃው ጋር በካርቶኑ ውስጥ ከመጣው ወረቀት ሥዕል ላይ ነው ያየሁት። እኔ እንደ ጎመን ነቀልኩት። ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ አብሮ ወጣ። ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የወርቅ እግሮች አሉት፣ አንደኛው ጥግ ላይ ያሉት ተጋድመዋል።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። በመጨረሻ የእናቴን ወስፌ አመጣሁና፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንድ በአንድ ቀና አደረግኳቸው። አንዷ ልትሰበር ፈለገች። ለመንኳት። እውነቴን ነው፣ «እባክሽ» አልኳት።

አሮጌውን ቅባት አረቄ በነካ ጨርቅ ጠረግኩ። ፕሮሰሰሩን መለስኩ፤ ትንሿን ዘንግ ከፍ ካደረጉላት ያለ ጉልበት ራሱ ይገባል። ከአዲሱ ጋር የመጣውን ግራጫ ቅባት ትንሽ አደረግኩበት። ዘንድሮ ትንሽ ማለት ተምሬያለሁ። መቆለፊያዎቹን ስጫን ማዘርቦርዱ ጎበጠ፣ ልቤም አብሮ። ለኮስኩ። ፋኑ አይዞርም። ሽቦውን አልሰካሁትም ነበር። አጠፋሁ፣ ሰካሁ፣ ለኮስኩ።

ሠራ። ድምፅ የለውም። የተየብኩት ሁሉ አለ፣ አንድም አልጠፋም፤ ለካ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አይቃጠልም ነበር። ያን ሁሉ ቀን የፈራሁት የሌለ ነገር ነው። ሥራው የካቲት 24 ቀን ላይ፣ በግማሽ ቃል ቆሟል።

በገዛ እጄ የጠገንኩት የመጀመሪያ ማሽን ነው። ለማን ይነገራል?

ሚያዝያ 1፣ ሐሙስ

በዚህ ሳምንት የነገሩኝ ሁሉ ገብቷል፣ በእውነት። ልዩነቱን አላወቁትም። ከምን ያውቁታል፤ ሞቶም ዝም ነበር፣ ድኖም ዝም ነው።

ዛሬ አንዲት ጉባኤ ቃና ነገሩኝና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «አለቀ» አሉ። «ሸክሜን አራገፍሁ። እግዚአብሔር ይስጥህ።» ይድገሙልኝ ልላቸው ያሰብኩት ዛሬ ነበር። ፊታቸውን አየሁት። እንዲያ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም። ዝም አልኩ።

ገዳሙ ለሽኝቱ ታትሞ ይድረስ አለ። አተምኩት። ቀጭን ሆነብኝ። ፊደሉን አተለቅኩት፣ ዳር ዳሩን አሰፋሁት፣ በየመስመሩ መሃል ቦታ ጨመርኩ። ወፈረ።

ሚያዝያ 9፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ስግደቱ ካለቀ በኋላ እንደ ልማዱ ሰው ሁሉ በተራ ካህናቱ ፊት ጎንበስ ይላል፣ ጥፋቱን ይናገራል፣ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ ተደርጎ ተጨማሪ ስግደት ይታዘዝለታል። የማያውቁኝን ቄስ መረጥኩ፣ ከደምበጫ የመጡ ናቸው አሉ።

«ለአንድ ሽማግሌ ዋሽቻለሁ» አልኩ።

«ምን ብለህ?»

«ያልያዝኩትን ይዣለሁ ብዬ።»

«አሉ ወይስ ሞተዋል?»

«አሉ።»

«ነገርካቸው?»

«አልነገርኩም።»

ወይራውን አላነሡም። «ታዲያ ለእኔ ምን ታመጣዋለህ? ሂድ ንገራቸው። ለእኔ ስትመጣ የተረፈውን አምጣ» አሉና ከኋላዬ ያለውን ጠሩ። ወረፋው ውስጥ ያሉት ወይራ ሳይነካኝ ስመለስ አዩኝ። ምን ያህል ጻድቅ ቢሆን ነው ብለው ይሆናል።

የኔታ ከምሰሶው አጠገብ ሲሰግዱ ነበር። አልቀረብኳቸውም።

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

ሽኝቱ ቅኔ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ተማሪው፣ ጎረቤቱ፣ እናቴ ሁሉም አለ። ገዳሙ የታተመውን ተቀበለኝና ገለጠ። አንድ ሁለት ገጽ አየ።

«ፊደሉ ምነው ገዘፈሳ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እንዲነበብ ብዬ።»

አየኝ። ያኔ ያወቀ ይመስለኛል።

የኔታ መረቁ። አንድ በአንድ መረቁ፣ በመጨረሻ እኔን በስም ጠርተው መረቁ፣ እናቴም «አሜን» ስትል ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ተሰማ። ከዚያ «ውበቱ» አሉ፣ «ያን የበረዶውን መወድስ አንብብልን። እኔ ለቅቄዋለሁና እንደ ባዳ ልስማው።»

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ገለጥኩ፣ ዘጋሁ። ሰው ይጠብቃል።

«የለም፣ የኔታ።»

«ምኑ?»

«መወድሱ የለም። የዚያ ሰሞን የነገሩኝ ሁሉ የለም። ማሽኑ ሞቶ ነበር። እኔ ነኝ ዘይት ቀብቼ የገደልኩት። አፍሬ ዝም አልኩ።»

«እጅህ ግን ይመታ ነበር።»

«ይመታ ነበር።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን፣ የኔታ።»

ተማሪዎቹ አጉረመረሙ። አንዱ «ኧረ የሰው ነውር» አለ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ትቆጣኛለች፣ ትነሣለች ብዬ ነበር፤ እንደተሸፈነች ቀረች። የኔታ ፊት ላይ ያ የሚያዝያ አንድ ቀኑ ዕረፍት ሲወጣ አየሁ፣ እኔው ነኝ ያወጣሁት።

«ስለቀው ጸልዬ ነው የለቀቅሁት» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ልርሳው ብዬ።»

ገዳሙ ጉዞው ይቆይ አላቸው። ቀኑን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ፣ አላሳልፍም አሉ። ከዚያ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዞሩ። «ገዳሙ ይቅር፣ ተማሪ አለበት። የምትሸኘኝ አንተ ነህ። ከጎኔ ትቀመጣለህ። የመጣልኝን እነግርሃለሁ።»

እናቴ ማታ እራት አቀረበችልኝ። አላናገረችኝም። ልተኛ ስል «ጋቢ ያዝ፣ ያ አገር ይበርዳል» አለች።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ፣ መርጡለ ማርያም

ደረስን። የኔታ ነገ በእግር ወደሚመንኑበት ገዳም ይቀጥላሉ፣ ከዚያ ወዲያ እኔ አልገባም። አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እኔ አጠገባቸው ሆኜ እጽፋለሁ።

መንገዱን ሙሉ ነገሩኝ። አውቶቡሱ ይንገጫገጫል፣ ሾፌሩ ካሴት ከፍቷል፣ ከኋላችን በግ አለ። ያ የፋን ጩኸት ያስቆማቸው ሰው ስለዚህ ሁሉ አንድም ቃል አላሉም። ጆሮዬ ላይ ተጠግተው ይናገራሉ፣ እኔ ጉልበቴ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብላቸዋለሁ። ብዙው መጣ። የማይመጣው ሲገጥማቸው እጃቸውን ያወናጭፉና ወደ ሌላው ያልፋሉ። ያለፏቸውን ቦታ ቦታቸውን ባዶ ትቼላቸዋለሁ። ስለ ውሸቱ አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅድም ሳይጠየቁ የበረዶውን ጀመሩ። መነሻውን አሉ፣ የጎደለችኝ ቃልም መጣች። ማሳው አለፈ፣ አባትየው ጎንበስ አሉ፣ ጋቢው ተቋጠረ። እዚያ ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ እዚያው ላይ ቆሙ።

ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አሉ፣ እንደ ድሮው፣ ሲነግሩኝ ድንገት ሲጠፋባቸው እንደሚጠይቁኝ።

«ጋቢውን ከቋጠረ በኋላ ምን ነበር ያልሁህ?»

ያን ቀን አብሬያቸው አልቅሻለሁ። ክፍሉን አስታውሳለሁ፣ የፊታቸውን እንባ አስታውሳለሁ፣ የቁልፎቹን ድምፅ አስታውሳለሁ።

«አላውቅም፣ የኔታ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ከመጀመሪያው ጀመሩ።